ኢሜይል ለዩኒቨርሲቲ ጉዳይ፦ ማድረሱን ያደርሳል፣ ፈርሞ የሚቀበል ግን የለውም

የወረቀት ደብዳቤ ዩኒቨርሲቲ ስታስገቡ መዝገብ ቤት ገቢ ላይ ይመዘግቡታል፣ ቁጥርና ቀን ይሰጡታል፣ እናንተ ዘንድ በሚቀረው ኮፒ ላይም ማኅተም ያሳርፉበታል። ከወር በኋላ «እኛ ጋ አልደረሰም» ቢሏችሁ የምታወጡት ወረቀት አላችሁ። ኢሜይል የተካው ደብዳቤ አመላላሹን ነው እንጂ መዝገብ ቤቱን አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ጋር በኢሜይል ስንጻጻፍ የሚገጥመን ችግር አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል፤ ሰዉ ግን «ኔትወርክ» ላይ ያላክካል።

እዚህ የምንገመግመው ትራንስክሪፕት ለማስላክ፣ ሪኮመንዴሽን ለማስጻፍ፣ ውጭ አገር ለማመልከትና ከሬጅስትራር ጋር ለመጻጻፍ የሚውለውን ኢሜይል ነው። ከአምስት ነጥብ ለማመላለስ አራት ተኩል እንሰጠዋለን። መድረሱን ለማሳወቅ ሁለት። ቀነ ገደብ ላለው ጉዳይ፣ በመጨረሻው ሰዓት ለሚልክ ሰው፣ አንድ።

መንገዱ

«ኢሜይሌን ውኃ በላው» የሚባለው ነገር በእውነቱ እምብዛም አያጋጥምም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውና በ2008 የታደሰው የኢሜይል መጓጓዣ ደንብ፣ ኤስኤምቲፒ፣ በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው። የላኪው ሰርቨር መልእክቱን ለተቀባዩ ሰርቨር ሲያስረክብ ተቀባዩ «250» ብሎ ከመለሰ ኃላፊነቱን ወሰደ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወይ ሣጥን ውስጥ ማስገባት ወይ ለላኪው «አልሆነም» ብሎ ማሳወቅ አለበት። በ4 የሚጀምር ቁጥር ከመለሰ «አሁን አልችልም፣ ቆይተህ ና» ማለቱ ነው። በ5 የሚጀምር ከሆነ «አልቀበልም፣ አትመለስ»። የ4ቱ መልስ ሲመጣ የላኪው ሰርቨር መልእክቱን ወረፋ ላይ አቆይቶ ይደጋግማል፤ ደንቡ ቢያንስ በ30 ደቂቃ ልዩነት ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲሞክር ይመክራል።

ይመክራል እንጂ አያስገድድም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት የማይክሮሶፍት 365 አገልግሎት ቢበዛ በ24 ሰዓት ተስፋ ቆርጦ መልእክቱን ለላኪው ይመልሳል። ይህ ለእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ግቢ ውስጥ የራሱን የኢሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድር ዩኒቨርሲቲ ዓርብ ማታ መብራት ቢጠፋበትና ጄኔሬተሩ ባይነሳ፣ በዚያው ምሽት ከውጭ በማይክሮሶፍት 365 የተላከው ደብዳቤ ቅዳሜ ማታ ወደ ላኪው ተመልሷል። ሰኞ ጠዋት ሰርቨሩ ሲነሳ የሚጠብቀው ነገር የለም። ሣጥኑ በጉግል ወይም በማይክሮሶፍት ክላውድ ላይ (ግቢ ውስጥ ሳይሆን በእነሱው ሰርቨር) ከሆነ ግን ደብዳቤው ገብቶ ይቀመጣል፣ መብራቱም ኢንተርኔቱም ሲመለስ ይነበባል። በሰኔ 2011 በአገር አቀፍ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮም ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ ልዩነቱ ይኸው ነበር፤ ሦስት ሳምንት የሚጠብቅ ወረፋ የለም።

የምትጽፉለት ተቋም ሣጥን የት እንዳለ ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። ከ@ ምልክት በኋላ ያለውን ዶሜይን ወስዳችሁ በየትኛውም ነጻ የኤምኤክስ (የዶሜይኑን ኢሜይል የሚቀበለው ሰርቨር ስም) መፈተሻ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። የሚመጣው ስም ውስጥ ጉግል ወይም አውትሉክ የሚል ካለ ክላውድ ላይ ነው። የተቋሙ የራሱ ስም ከሆነ ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል፣ ወሳኝ ደብዳቤ ስትልኩ ለተቀባዩ የግል አድራሻም ግልባጭ አድርጉ።

ተመልሶ የሚመጣውን አንብቡት

ኢሜይል ሲመለስ የሚመጣው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ የተጨማለቀ ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳያነበው ያጠፋዋል። መታየት ያለባት በሦስት የተከፈለችው ቁጥር ናት። 5.1.1 ከሆነ አድራሻው የለም፤ ፊደል ተሳስታችኋል ወይም ሰውዬው ለቀዋል። 5.2.2 የተቀባዩ ሣጥን ሞልቷል፤ በስልክ ካልነገራችኋቸው ላያውቁት ይችላሉ። 5.3.4 ፋይሉ ከብዷል። በ5.7 የሚጀምር ከሆነ የእናንተ ወይም የተቋማችሁ ሰርቨር አልታመነም፣ ደግሞ መላክ ዋጋ የለውም። ጂሜይል «ለጊዜው አልደረሰም፣ መሞከሬን እቀጥላለሁ» ካላችሁ ደግሞ ጠብቁ፤ አምስቴ ደጋግማችሁ ብትልኩ አምስቱም አንድ ላይ ይገቡና ጉዳዩን የሚያየው ሰው የትኛው ትክክለኛው እንደሆነ ይጠፋዋል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ምንም የማይመልሰው ነው። «ጸጋዬ» የሚለው ስም ብቻ በላቲን ፊደል አራት አምስት ዓይነት አጻጻፍ አለው። የመምህሩን የጂሜይል አድራሻ በአንዲት ፊደል ስትስቱ ያ የተሳሳተ አድራሻ የሌላ ጸጋዬ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ይደርሳል፣ አይመለስም፣ እናንተም መምህሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉ ይመስላችኋል። አድራሻን ከቢዝነስ ካርድ ወይም ከዲፓርትመንቱ አሮጌ ድረ ገጽ አትገልብጡ፤ ሰውዬው ራሳቸው አንድ ባዶ ኢሜይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁና ለዚያው መልስ ስጡ።

ስፓም

«250» ብሎ ተቀብሎ ስፓም (የአይፈለጌ መልእክት ማቆያ) ውስጥ መክተት ደንቡን አይጥስም። የሚጠፋው ኢሜይል በአብዛኛው የሚጠፋው እዚህ ነው። ተቀባዩ ሰርቨር ሦስት ነገር ይመረምራል። ኤስፒኤፍ ላኪው ሰርቨር በዶሜይኑ ባለቤት ስም እንዲልክ ተፈቅዶለት እንደሆነ ያሳያል። ዲኬአይኤም መልእክቱ ላይ ያለ ዲጂታል ማኅተም ነው፣ ይዘቱ መንገድ ላይ ከተነካ ይሰበራል። ዲማርክ ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ሲወድቁ ምን ይደረግ የሚለውን የዶሜይኑ ባለቤት የሚያዝዝበት ነው፦ ይለፍ፣ ስፓም ይግባ፣ ወይም ከበር ይመለስ። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማንኛውም ላኪ ከሁለቱ አንዱን፣ በብዛት የሚልክ (ጉግል ዘንድ በቀን 5,000 ገደማና ከዚያ በላይ) ደግሞ ሦስቱንም እንዲያሟላ አዝዘዋል።

ለትራንስክሪፕት ጉዳይ ይህ ምን ማለት ነው? ሬጅስትራሩ በተቋሙ አድራሻ ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ሲልክ የተቋሙ ዶሜይን እነዚህ መዝገቦች ከሌሉት ኦፊሻል ትራንስክሪፕታችሁ ስፓም ውስጥ ሊተኛ ይችላል፣ ሬጅስትራሩም «ልከናል» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ከመላኩ በፊት ፈትሹ። ሠራተኛው በዚያው ኦፊሻል አድራሻ አንድ የሙከራ ኢሜይል ወደ ጂሜይላችሁ ይላክላችሁ። በኮምፒውተር ክፈቱት፣ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን ምረጡ። ከላይ ሦስቱ ስሞች ተደርድረው ከጎናቸው «ፓስ» ወይም «ፌይል» ይላል። ከሦስቱ ያላለፈ ካለ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ለአይሲቲ ዳይሬክቶሬቱ ስጡ። ማስተካከያው ዶሜይኑ ላይ የሚጨመሩ ጥቂት መስመሮች ናቸው፤ ግዢ አይጠይቅም፣ ጨረታ አይጠይቅም። እስኪስተካከል ድረስ የታሸገ ፖስታ በኩሪየር መላክ ይሻላል፣ ዋጋው ቢመርም።

ኢሜይልን ወደ ሌላ አድራሻ በራሱ እንዲተላለፍ ማድረግም እዚህ ላይ ይጎዳል። የዩኒቨርሲቲ ሣጥናችሁ ሁሉንም ወደ ጂሜይል እንዲያሻግር ካዘዛችሁት፣ መልእክቱ ጂሜይል በር ላይ የሚደርሰው ካልተፈቀደለት ሰርቨር ሆኖ ነው፤ ኤስፒኤፉ ይወድቃል። ማኅተሙ ካልተነካ ሊያልፍ ይችላል፣ ከተነካና የላኪው ዲማርክ «ይመለስ» የሚል ከሆነ ግን ከበር ይመለሳል፣ ለእናንተም የሚነግር የለም። ከማስተላለፍ ይልቅ ሁለቱንም አካውንት ስልካችሁ ላይ ጨምራችሁ ለየብቻ ክፈቱ።

ሪኮመንዴሽን

ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከለው እዚህ ነው፣ ረዘም አድርገን እንየው። ብዙ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤውን ከእናንተ እጅ አይቀበሉም። ፖርታሉ (የማመልከቻ ድረ ገጹ) ላይ የመምህራኑን አድራሻ ታስገባላችሁ፣ ሲስተሙ ራሱ ሊንክ ይልክላቸዋል፣ እነሱ በሊንኩ ገብተው ይጭናሉ። ኢሜይሉ የሚመጣው መልስ ከማይቀበል የማሽን አድራሻ ነው፣ በውስጡ ረጅም ሊንክ አለ፣ መምህሩም ከዚያ ላኪ ተቀብለው አያውቁም። የስፓም ማጣሪያ ከዚህ የበለጠ የሚጠራጠረው ነገር የለም። ጂሜይል ደግሞ ስፓም ውስጥ ያለውን በ30 ቀን ያጠፋዋል፤ ኅዳር መጀመሪያ ላይ የተላከ ሊንክ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቢፈለግ የለም።

በዚያ ላይ የአድራሻው ዓይነት አለ። ብዙ ተቋማት ከጂሜይል ወይም ከያሁ የሚመጣ ሪኮመንዴሽን ያጠራጥራቸዋል፣ የተቋም አድራሻ ይፈልጋሉ። አገር ቤት ያሉ ብዙ መምህራን ግን በየቀኑ የሚከፍቱት ጂሜይላቸውን ነው፤ የተቋሙን ፓስወርድ የረሱም አሉ። ስለዚህ ሁለቱ ይጋጫሉ፦ የሚታመነው አድራሻ አይከፈትም፣ የሚከፈተው አይታመንም። መፍትሔው መምህሩን ቀድሞ ማነጋገር ነው። «በኦፊሻል አድራሻዎ ላስገባ፣ በዚህ ሳምንት ይከፍቱታል?» ብላችሁ ጠይቁ። አልከፍትም ካሉ ጂሜይላቸውን አስገቡና ደብዳቤው በተቋሙ ሄደር፣ በማኅተምና በፊርማ፣ በቢሮ ስልክ ቁጥር እንዲሆን አድርጉ። ማመልከቻው ላይ የማብራሪያ ቦታ ካለ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ሊንኩን ባስላካችሁበት ቀን ለመምህሩ በስልክ ወይም በቴሌግራም ሦስት ነገር ንገሯቸው፦ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚመጣ፣ ርእሱ ምን እንደሚል፣ የሚዘጋበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ብዙ ፖርታሎች ሊንኩ መላኩንና ደብዳቤው መግባቱን ያሳያሉ፣ «እንደገና ላክ» የሚል ቁልፍም አላቸው። ቀኑ ሊደርስ 14 ቀን ሲቀረው አሁንም ካልገባ ቁልፉን ተጫኑ፣ ከዚያ ደውሉ። በአካል ቢሮ ድረስ ሄዳችሁ መምህሩ ስፓሙን አብረዋችሁ እንዲያዩ ብትጠይቁም ነውር የለበትም።

አባሪ

ስለ አባሪ የምንለው አጭር ነው። ፋይል በኢሜይል ሲጓዝ ወደ ጽሑፍ ስለሚቀየር ክብደቱ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ «10 ሜጋባይት» የሚል ገደብ ያለው ሰርቨር ከ7 ሜጋባይት ብዙም የሚበልጥ ፋይል ላያሳልፍ ይችላል። ጂሜይል እስከ 25 ቢፈቅድላችሁ እንኳ የሚወስነው የተቀባዩ በር ነው። ትራንስክሪፕት በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ)፣ በግራጫ ቀለም ስካን ሲደረግ በቂ ነው፤ ማኅተሙ ሰማያዊ ሆኖ እንዲታይ ከተፈለገ ብቻ በቀለም አድርጉት። በ600 ዲፒአይ በቀለም የተሠራ አራት ገጽ ለማንም አይጠቅምም። የጉግል ድራይቭ ሊንክ መላክም አይመከርም፤ ካልቀየራችሁት በቀር የተቆለፈ ነው፣ ፋይሉን የሚመዘግበው ሠራተኛ «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ገጽ ሲያይ ወደሚቀጥለው አመልካች ያልፋል።

የአማርኛ ሰነድ ከሆነ ሁልጊዜ ፒዲኤፍ አድርጉት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ግን ከዚያ በኋላም እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ አሮጌ ፎንቶች ሲጽፉ ኖረዋል። እንዲህ ያለው የወርድ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆናል። የፋይሉን ስም ደግሞ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ፓስፖርት ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ስጡት።

ሰዓት

የውጭ ቀነ ገደብ ብዙ ጊዜ «23:59» ይላል፣ የየት አገር 23:59 እንደሆነ ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። የጀርመን ወይም የጣሊያን ከሆነ በክረምታቸው በእኛ ከሌሊቱ 7:59 ነው፣ በበጋቸው 6:59፣ ምክንያቱም እነሱ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። የዋሽንግተን ወይም የኒውዮርክ ከሆነ በክረምት በማግስቱ ከጠዋቱ 1:59 ይሆናል። ለጉባኤ በሚላኩ ጽሑፎች ላይ የሚታየው «በምድር ላይ የትም ቦታ» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይዘገያል፤ በእኛ በማግስቱ ከቀኑ 8:59 ነው።

ኢሜይል ለዚህ ዓይነት ሽርፍራፊ ደቂቃ አልተሠራም። አንዳንድ ሰርቨሮች የማያውቁትን ላኪ የመጀመሪያ መልእክት ሆን ብለው በ4 ቁጥር ይመልሱታል፤ አይፈለጌ መልእክት የሚልኩት ብዙዎቹ ደግመው አይሞክሩም በሚል ስሌት ነው። እውነተኛው ላኪ ደግሞ ይሞክራል፣ መልእክቱም ይገባል፣ ግን ዘግይቶ፤ አንዳንዴ በደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ከሰዓት በላይ። ፖርታል ካለ በፖርታሉ አስገቡ፣ ሲስተሙ የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ያ ቁጥር የመዝገብ ቤቱ ማኅተም ነው። በኢሜይል ብቻ የሚቀበሉ ከሆነ ከ24 ሰዓት በፊት ላኩና «ደርሶናል» የሚል መልስ በአንድ ቃል እንዲጽፉ ጠይቁ።

ቀን ስትጽፉ ወሩን በስሙ ጥሩት። 10/03/2017 የሚል ቀን ኅዳር 10 ይሁን፣ ማርች 10 ይሁን፣ ኦክቶበር 3 ይሁን የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው።

የራሳችሁ ሣጥን

የጂሜይል 15 ጊጋባይት ለኢሜይል ብቻ አይደለም፤ ድራይቭና ፎቶም ከዚያው ይቆረሳሉ። ከግንቦት 24 ቀን 2013 ጀምሮ ስልካችሁ በራሱ የሚያስቀምጠው ፎቶ ሁሉ ይቆጠራል። የዘመድ ሠርግ ቪዲዮ ሣጥኑን ሲሞላው አዲስ ኢሜይል ወደ ላኪው ይመለሳል፤ የቅበላ ደብዳቤውም ጭምር። ካመለከታችሁ በኋላ የፎቶውን ባክአፕ አጥፉት ወይም ለማመልከቻ ብቻ የሚውል አካውንት ክፈቱ። ከከፈታችሁ ግን አትተዉት፤ ጉግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ የግል አካውንትን ይሰርዛል።

የዩኒቨርሲቲ አድራሻ ለተማሪነት ዘመን ብቻ የሚሠራ ነው ብላችሁ ያዙት። ጉግል ለትምህርት ተቋማት ይሰጥ የነበረውን ገደብ የለሽ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ2022 ለተቋሙ በጠቅላላ 100 ቴራባይት መነሻ አድርጎ ከወሰነ ወዲህ የምሩቃንን ሣጥን የሚያሳንሱና የሚዘጉ ዩኒቨርሲቲዎች ታይተዋል። በጆርናል ላይ በሚታተም ጽሑፍ፣ በኦርኪድ (የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር)፣ በስኮላርሺፕ አካውንት ላይ ሁለተኛ የግል አድራሻ ጨምሩ። ገና ተማሪ ሳላችሁ ግን ለአሜሪካ ሬጅስትራር ስትጽፉ በተማሪ አድራሻችሁ ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የተማሪ መረጃ ጥበቃ ሕጋቸው ስላለ ማንነቱ ላልተረጋገጠ የግል አድራሻ ስለ ውጤት አይመልሱም።

«ተከፍቷል» የሚል ምልክት የሚያሳዩ መከታተያዎች የእንቧይ ካብ ናቸው። የሚሠሩት በማትታይ ትንሽ ምስል ነው፤ የአፕል ስልኮች እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ይህንን ምስል ሰውየው ባይከፍትም ቀድመው ሊያወርዱት ይችላሉ። የሚያስተማምነው ማስረጃ የሰው መልስ ብቻ ነው። መልስ ለማግኘት ርእሱ ላይ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ዲፓርትመንትና የምትፈልጉትን አንድ ነገር ጻፉ። «ሰላም» ወይም «በጣም አስቸኳይ» የሚል ርእስ ማንም አይፈልገውም። ሦስት የሥራ ቀን ጠብቁ፣ በዚያው በቀድሞው መልእክት ላይ መልሳችሁ ጻፉ፣ በአምስተኛው ቀን ደውሉ። አገር ውስጥ ከሆነ የኢሜይሉን ሕትመት ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ቢሰጥም፣ ጉዳዩን የሚያንቀሳቅሰው አሁንም ኃላፊው ደብዳቤው ጠርዝ ላይ የሚመሩበት እስክሪብቶ ነው።

ገንዘብ ያለበት ነገር ሲመጣ ነጥባችን ዜሮ ነው። የላኪው ስም ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ የሚታየው ከ@ በኋላ ያለው ነው። ነጥብ ኤዱ የሚሰጠው እውቅና ላላቸው የአሜሪካ ተቋማት ነው፣ የኢትዮጵያዎቹ ነጥብ ኤዱ ነጥብ ኢቲ ላይ ናቸው፣ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ግን እንደ ማንኛውም ድርጅት ነጥብ ዲኢ ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ ኤዱ አለመኖሩ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። «የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከትክክለኛው አድራሻ እንኳ ቢመጣ፣ አካውንቱ ተሰርቆ ሊሆን ይችላልና ወዲያው አትክፈሉ። የስልክ ቁጥሩን ከኢሜይሉ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ወስዳችሁ ፋይናንስ ክፍሉን ጠይቁ።